የጢባርዮስን ዲናር ልግዛ ወይስ ልተወው? የሮማን ብር መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። የጥንት የሮማ የብር ሳንቲሞችን መሰብሰብ ልጀምር ብዬ ከተመኘሁ ቆይቻለሁ። ሰሞኑን ኢንተርኔት ላይ አንድ ሻጭ በወንጌል የተነገረለትን የግብር ዲናር፣ ማለትም የጢባርዮስ ቄሣርን ሳንቲም፣ በ160 ዶላር አቅርቦ አየሁ። ምስሉም ጽሑፉም ጥርት ብሎ ይታያል። ክብደቱ 3.1 ግራም ነው ይላል። ሻጩ ተመሳሳይ ሦስት ፍሬ አለው። ልግዛው? ለዚህ ዓመት የመደብኩት 500 ዶላር ነው፤ ከየት ብጀምር ይሻላል? የገዛሁት ሳንቲም ጠቁሮ ቢመጣስ ማጠብ ይቻላል?»

ምላሽ፦

አይግዙት። ሳንቲሙን በእጅ ሳይዙ በፎቶ ብቻ ሐሰተኛ ነው ብሎ መፍረድ አብዛኛውን ጊዜ ተገቢ አይደለም። እርስዎ የጻፏቸው ሦስት ነገሮች ግን፣ ክብደቱ፣ የምስሉ ጥራትና የሻጩ «ተመሳሳይ ሦስት ፍሬ»፣ አንድ ላይ ሲታዩ ገንዘብዎን እንዳያወጡ ለመምከር ከበቂ በላይ ናቸው።

ከክብደቱ ልነሳ። ጢባርዮስ በነገሠበት ዘመን (ከ14 እስከ 37 ዓ.ም.፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአንድ የሮማ ፓውንድ ብር 84 ዲናር ይወጣ ነበር። ስለዚህ አዲስ የተመታ ዲናር 3.8 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ብዙ ዓመት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረው 3.6፣ በጣም የተበላው ደግሞ 3.4 ቢሆን አይደንቅም። ወደ 3.1 የወረደ ሳንቲም ግን የንጉሡ ፀጉር ተፍቆ፣ ጽሑፉም በከፊል ጠፍቶ ነው መገኘት ያለበት። የእርስዎው ጥርት ያለ ነው ብለዋል። ብሩ ተበልቶ ምስሉ ሳይነካ ሊቀር አይችልም። እርግጥ በዚያው በጥንቱ ዘመን ውስጡ መዳብ ሆኖ ላዩ በስስ ብር የተለበጠ ዲናር ይሠራ ነበር፤ እሱም ከደንቡ ይቀላል። የዘመኑ አጭበርባሪዎች ሥራ በመሆኑ ለይተው የሚሰበስቡት ሰዎች አሉ። ሆኖም ሐቀኛ ሻጭ «ልብጥ ነው» ብሎ ይጽፈዋል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወርዳል።

ከሁሉ የከበደብኝ ግን የሦስቱ ፍሬዎች ነገር ነው። የሮማ ሳንቲም የሚሠራው በእጅ ነበር። ሠራተኛው የተለካውን የብር ጥፍጥፍ በታችኛው ማተሚያ ብረት ላይ ያኖራል፤ የላይኛውን ማተሚያ ይደግንበታል፤ በመዶሻ ይመታል። ጥፍጥፉ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። ጠርዙ አንዱ ላይ ከላይ፣ ሌላው ላይ ከጎን ይሰነጠቃል። አንዱ ላይ የመጀመሪያው ፊደል ከጥፍጥፉ ውጭ ቀርቶ ይቆረጣል፤ ሌላው ላይ የመጨረሻው። ስለዚህ ከአንድ ማተሚያ የወጡ ሁለት እውነተኛ ዲናሮች ምስላቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ የጠርዛቸው ቅርጽ፣ የስንጥቃቸውና የጭረታቸው ቦታ ግን አንድ አይሆንም። የሻጩን ሦስት ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርገው ይዩአቸው። በንጉሡ አፍንጫ ትይዩ ያለው ስንጥቅ ሦስቱም ላይ ካለ፣ በአንገቱ ላይ ያለው ጭረት ሦስቱም ላይ ከተደገመ፣ ሦስቱም ከአንድ ሳንቲም ላይ ቅርጽ ተወስዶ የተባዙ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሚዛንም ምርመራም አያስፈልግም።

ወደፊት ሳንቲም እጅዎ ሲገባ አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ይዘው መጀመሪያ ጠርዙን ይመልከቱ። ጀማሪ ሁሉ ፊቱን ያያል፤ አስመሳዩም የሚደክመው ለፊቱ ነው። ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ሳንቲም ሁለቱ ግማሾች የተገጣጠሙበት መስመር በጠርዙ ዙሪያ ይታያል፤ መስመሩ በሞረድ ጠፍቶ ከሆነም የሞረዱ ጭረት ይቀራል። ሜዳው (ከምስሉና ከጽሑፉ ውጭ ያለው ባዶ ገጽ) ላይ ጥቃቅን የአረፋ ጉድጓዶች ይኖራሉ፤ የፊደላቱ ጠርዝ ደግሞ ዶልዶም ይላል። በመዶሻ የተመታ ብር እንዲህ አይደለም። ብሩ በምቱ ኃይል ከመሐል ወደ ዳር ስለሚገፋ በፊደላቱ ሥር ወደ ጠርዙ የሚሮጡ ቀጫጭን የፍሰት መስመሮች ይታያሉ፤ ፊደሉም ከሜዳው ላይ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ይህን ልዩነት አንዴ በእውነተኛ ሳንቲም ላይ ያየ ሰው አይረሳውም። የመጀመሪያውን ሳንቲም ከታመነ ሻጭ ይግዙ የምለውም ለዚሁ ነው፤ ያ ሳንቲም ለዓይንዎ መለኪያ ሆኖ ይቀመጣል።

ስለ ጢባርዮስ ዲናር ራሱ ጥቂት ልበል፤ ዋጋውን የሰቀለው ብሩ ሳይሆን ታሪኩ ነውና። በፊቱ የሎረል ቅጠል አክሊል የደፋ የጢባርዮስ ራስ ወደ ቀኝ ዞሮ ይታያል። ዙሪያውን የተጻፈው ምህጻረ ቃል ሲፈታ «ጢባርዮስ ቄሣር አውግስጦስ፣ የአምላካዊው አውግስጦስ ልጅ» ይላል። በጀርባው አንዲት ሴት በትረ መንግሥትና ቅርንጫፍ ይዛ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ብዙዎች የንጉሡ እናት ሊቪያ ናት ይላሉ። በግራና በቀኟ «ፖንቲፍ ማክሲም» ተብሎ ተጽፏል፤ የሮማ ሊቀ ካህናት ማለት ነው። እንግዲህ ይህን የያዘ ሳንቲም በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ቅጥር ውስጥ ሲወጣ ያስቡት። አንድ ምድራዊ ንጉሥ የአምላክ ልጅም ሊቀ ካህናትም ነኝ ብሎ በብር ላይ አጽፏል። «ለቄሣር ግብር መክፈል ይገባል ወይስ አይገባም?» የሚለው የፈሪሳውያን ጥያቄ ለምን ወጥመድ እንደነበረ ሳንቲሙን ያነበበ ሰው በደንብ ይገባዋል። እኔን ከዚህ ሥራ ጋር ያቆራኘኝ እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ነገር ግን ወንጌሉ መልኩና ጽሕፈቱ የቄሣር መሆኑን እንጂ የየትኛው ቄሣር እንደሆነ አይነግረንም። ይህ ዲናር የተመታው በጎል ምድር፣ ዛሬ የፈረንሳይ ከተማ በሆነችው በልዮን ነበር። በይሁዳ በዚያን ዘመን በብዛት የሚዘዋወረው ብር የጢሮስ ሰቅልና የአንጾኪያ ትልልቅ የብር ሳንቲም ነበር፤ የጢባርዮስ ዲናር በኢየሩሳሌም ቁፋሮዎች በብዛት አይገኝም። ስለዚህ ያ ሳንቲም የአውግስጦስ ዲናር ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። እኔ የጢባርዮስ መሆኑ የሚያስኬድ ግምት ነው እላለሁ፤ በእርግጠኝነት «ኢየሱስ ያየው ይህን ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ግን ከሚያውቀው በላይ እየተናገረ ነው። በዚህ ታሪክ የተነሳ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ የጢባርዮስ ዲናር ዛሬ ከ300 እስከ 600 ዶላር፣ ያማረው ደግሞ ከዚያም በላይ ያወጣል። ጥርት ያለውን በ160 ዶላር ማግኘት ከገበያው ጋር አይሄድም። ክርስቲያን ገዢ የሚጓጓለት ሳንቲም ስለሆነም አስመሳዮች አዘውትረው የሚሠሩት አንዱ እሱ ነው።

የሚገርመው ይኸው ዲናር ከይሁዳ ይልቅ በደቡብ ሕንድ በብዛት መገኘቱ ነው። የሮማ ነጋዴዎች በቀይ ባሕር አቋርጠው በርበሬና ቅመማ ቅመም ሊገዙ ሲሄዱ ሁለት ዓይነት ዲናር በገፍ ወስደዋል፦ የልጅ ልጆቹ የጋይዮስና የሉቅዮስ ምስል ያለበትን የአውግስጦስን ዲናርና ይህን የጢባርዮስን። የሕንድ ነጋዴ አንዴ መርምሮ ያመነውን መልክ ትቶ ሌላ መቀበል አልወደደም። ታሲተስ የተባለው የሮማ ጸሐፊም ጀርመናውያን የሚቀበሉት የቆየውንና የለመዱትን ገንዘብ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተከረከመውንና የሁለት ፈረስ ሠረገላ ያለበትን ዲናር መሆኑን ጽፏል። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 ነው፤ ያ ዓመት የተጻፈበት ማርትሬዛ ብር ግን እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እየተመታ በገበያችን ሲሠራበት ኖሯል። የኛ ነጋዴም የንግሥቲቱን ደረት ጌጥና የዘውዷን ዕንቁ አይቶ ያልለመደውን ብር ይመልስ ነበር። ሰብሳቢም የሚያስፈልገው ይኸው የነጋዴ ዓይን ነው።

ዲናር በእኛም በኩል አልፏል። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር መርከበኞች መመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡ ሸቀጦች መካከል በዚያ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች የሚሆን ጥቂት ዲናር መኖሩን ይጠቅሳል። አክሱም የራሷን ወርቅ፣ ብርና መዳብ መምታት የጀመረችው ከዚያ ብዙ ቆይታ፣ በሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በንጉሥ እንዱቢስ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ 500 ዶላሩ እንምጣ። ከየት ይጀመር የሚለውን ለመመለስ የሮማ ብር እንዴት እንደወረደ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የዛሬው ዋጋ በአብዛኛው ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው።

ዲናር የተጀመረው ሮማ ከሐኒባል ጋር ስትዋጋ፣ በ211 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ ነው። ያን ጊዜ 4.5 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ነበር። ከዚያ ክብደቱ ቀስ በቀስ ወርዶ አውግስጦስ ጋ ሲደርስ ወደ 3.9 ግራም ሆነ፤ ብሩ ግን ንጹሕ እንደሆነ ቆየ። ኔሮን በ64 ዓ.ም. ከአንድ ፓውንድ 96 ዲናር እንዲወጣ አደረገ፤ መዳብም ቀላቀለበት። ከእሱ በኋላ የመጡት አንዳንዶቹ ሊያሻሽሉት ሞክረው ነበር፤ አልዘለቀም። ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ (ከ193 እስከ 211) የወታደሩን ደመወዝ ሲጨምር የዲናሩን ብር ወደ ግማሽ ገደማ አወረደው። ልጁ ካራካላ በ215 ጨረር ያለው አክሊል የደፋበትን አዲስ ሳንቲም አወጣ፤ ሰብሳቢዎች አንቶኒኒያኑስ ይሉታል። ዋጋው ሁለት ዲናር እንደነበረ ይታመናል፤ የያዘው ብር ግን የአንድ ዲናር ተኩል ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ውድቀቱ ፈጠነ። በ260ዎቹ መጨረሻ «የብር ሳንቲም» የሚባለው ላዩን ብቻ ብር የተቀባ፣ አምስት በመቶ እንኳ ብር የሌለበት መዳብ ሆኖ አረፈው። ዲዮቅልጥያኖስ፣ እኛ በሰማዕታት ታሪክ የምናውቀው እሱው፣ በ294 ገደማ እንደ ኔሮን ዘመን ዲናር ከፓውንድ 96 የሚወጣ ጥሩ ብር መልሶ አስመታ።

ሕዝቡ ይህን ሁሉ በዝምታ አላየውም። ጥሩውን ብር ቀብሮ መጥፎውን ከፈለበት። ማርክ አንቶኒ ከኦክታቪያን (ኋላ አውግስጦስ ከተባለው) ጋር ለሚያደርገው የመጨረሻ ጦርነት በ32 እና በ31 ከክርስቶስ ልደት በፊት ያስመታው የሌጌዎኖች (የሮማ ጦር ክፍሎች) ዲናር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በፊቱ የጦር መርከብ፣ በጀርባው በሁለት ዓርማዎች መካከል የቆመ የሌጌዎን ንስርና የክፍሉ ቁጥር አለበት። ብሩ ከሌሎቹ ያነሰ ስለነበር ማንም ሊያስቀምጠው አልፈለገም፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በገበያ ሲዞር ኖረ። ለዚህም ነው ዛሬ የምናገኘው አብዛኛው እጅግ የተበላ የሆነው። እኔ ይህን የተበላ ሳንቲም እወደዋለሁ። በክሊዮፓትራ ዘመን ለወታደር ተከፍሎ እስከ ሴቬረስ ዘመን ዳቦ ሲገዛ የኖረ ብር መሆኑን ገጹ ራሱ ይናገራል። ጥርት ያለው ውድ ነው፤ መርከቡና ንስሩ የሚለዩበት የተበላው ግን ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ይገኛል።

ለመጀመሪያ ግዢ የምመክርዎ የሴቬረስን ቤተሰብ ነው። ወታደሩ ብዙ ስለተከፈለው ብዙ ተመትቷል፤ ብዙም ተቀብሮ ተገኝቷል። በ1929 በቡልጋሪያ ሬካ ዴቭኒያ በምትባል መንደር በአንድ ቦታ ተቀብሮ ከተገኘው ገንዘብ ውስጥ ከ80,000 በላይ ዲናር ተመዝግቧል፤ የሴቬረስና የቤተሰቡ ድርሻ በውስጡ ትልቅ ነው። ሴቬረስ የተወለደው በሊቢያ፣ በሌፕቲስ ማግና ነው፤ ሚስቱ ዩሊያ ዶምና የሶርያዋ የኤሜሳ ካህን ልጅ ናት፤ የዛሬዋ ሆምስ ማለት ነው። የዩሊያ ዶምና ዲናር ፀጉሯ በወፍራሙ ተጎንጉኖ ወደ ኋላ የተጠቀለለበትን መንገድ በግልጽ ያሳያል። ንግሥቲቱን በፀጉር አሠራሯ ብቻ መለየት መቻል ደግሞ ለጀማሪ ጥሩ ልምምድ ነው። ከ50 እስከ 100 ዶላር ባለው ጥሩ የሚባል ያገኛሉ። እነዚህን ለማስመሰል የሚደክም ሰው ብዙ አይደለም፤ ትርፉ አነስተኛ ነውና። የጀማሪ ገንዘብ የሚድነው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ አንድ አንቶኒኒያኑስ ያክሉ። የሣልሳዊ ጎርዲያን ከ30 እስከ 60 ዶላር ይገኛል። ትንሽ ከጨመሩ ደግሞ ዓረቡ ፊሊጶስ ሮማ የተመሠረተችበትን አንድ ሺኛ ዓመት በ248 ሲያከብር ያስመታቸውን ይፈልጉ። በጀርባቸው ለበዓሉ ትርኢት የቀረቡት እንስሳት አሉ፦ አንበሳ፣ አጋዘን፣ ሚዳቋ፤ በሚስቱ በኦታኪሊያ ሴቬራ ሳንቲም ላይ ደግሞ ጉማሬ። ከምስሉ በታች ያለው ቁጥር ሳንቲሙን የመታው የትኛው ክፍል እንደሆነ ያመለክታል፤ የጉማሬው አራት ቁጥር አለበት። ስድስቱን ክፍሎች አንድ በአንድ ማሟላት በትንሽ ገንዘብ የሚጀመር፣ መጨረሻው ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ የተሟላ ስብስብ ነው።

ንባቡን ከአሁኑ ይልመዱ፤ ያላነበቡትን ሳንቲም አይግዙ። አንድ ምሳሌ ላሳይዎ። የትራጃን ዲናር ነው እንበል። በፊቱ የንጉሡ ስም ከነማዕረጉ ተዘርዝሮ «ኮስ» ከሚለው ቀጥሎ የሮማውያን አምስት ቁጥር አለ። አምስተኛ ጊዜ ቆንስል (የሮማ ከፍተኛ ሹም) የሆነ ማለት ነው። ትራጃን አምስተኛውን ቆንስልነት የያዘው በ103 ሲሆን ስድስተኛው በ112 ነው፤ ስለዚህ ሳንቲሙ ከ103 እስከ 111 ባለው ጊዜ ውስጥ ተመትቷል። ጀርባውን ገልብጡት፦ አንዲት ሴት ቆማ በአንድ እጇ ቅርንጫፍ፣ በሌላው የቅመም እንጨት እስር ይዛለች፤ ከእግሯ ሥር ትንሽ ግመል አለች። ከታች «አራብ አድክ» የሚል ምህጻር ተጽፏል፤ «ዓረብ በእጅ ገባች» ለማለት ነው። ሮማ የናባታውያንን ግዛት፣ የፔትራን አገር፣ የጠቀለለችው በ106 ነው። እንግዲህ ሳንቲሙ ከ106 በፊት ሊሆን አይችልም፤ ጊዜው ከ106 እስከ 111 ጠበበ። በዚህ ጊዜ ክብደቱ 3.2 ወይም 3.3 ግራም ቢመጣ ትክክል ነው፤ ከኔሮን በኋላ ደንቡ ዝቅ ብሏልና። ይህን ሁሉ የነገረን ሁለት ሳንቲሜትር የማይሞላ ብር ነው። በኒው ዮርክ ያለው የአሜሪካ ኑሚስማቲክ ሶሳይቲ «ኦክሬ» የሚባለውን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ሳንቲሞች መዝገብ በነጻ በኢንተርኔት ከፍቷል፤ የንጉሡን ስምና ያነበቡትን ቃል ሲያስገቡ ተመሳሳዩን ከፎቶ ጋር ያወጣልዎታል። ከእያንዳንዱ ግዢ በፊት እዚያ ይመልከቱ።

ከማን ልግዛ ለሚለው፣ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ የጊዜ ገደብ ሳያስቀምጥ ገንዘብ እንደሚመልስ በጽሑፍ ከሚያረጋግጥ ነጋዴ ይግዙ። ክብደቱን፣ ስፋቱን፣ የካታሎግ ቁጥሩንና ከዚህ በፊት የማን እንደነበረ ይጻፍልዎ። ጨረታ ላይ ሲገቡ ደግሞ ካሸነፉበት ዋጋ በላይ ብዙውን ጊዜ 20 በመቶ አካባቢ የቤቱ ኮሚሽን እንደሚጨመር፣ ማጓጓዣም እንዳለ አስቀድመው ያስሉ። ለወርቅ ሠሪ የሚሆን፣ የግራምን መቶኛ የሚያነብ ትንሽ ሚዛንና አንድ አጉሊ መነጽር ከ40 ዶላር በታች ይገኛሉ፤ ከመጀመሪያው ሳንቲም በፊት እነሱን ይግዙ። ከተረፈዎ አንድ ዩሊያ ዶምና፣ አንድ ሴቬረስ፣ አንድ ጎርዲያን እና አንድ የተበላ የአንቶኒ ሌጌዎን ዲናር ይያዙ። ጢባርዮስን ለከርሞ ይተዉት፤ እነዚህን ዓመቱን ሙሉ ሲያገላብጡ ከከረሙ እሱን ራስዎ ይመረምሩታል።

የቀድሞ ባለቤት ጉዳይ የጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የሕግም ነው። የብሩተስ ወገን ዩልዮስ ቄሣርን የገደለበትን ቀን የሚያስታውስ፣ ሁለት ጩቤዎችና የነጻነት ቆብ ያለበት አንድ የወርቅ ሳንቲም በ2020 ለንደን ላይ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጦ ነበር። የቀረበለት የባለቤትነት ታሪክ ሐሰት ሆኖ ተገኘና በ2023 ለግሪክ ተመለሰ። በአነስተኛው ገበያም ሕጉ ይሠራል። አሜሪካ ከጣሊያንና ከቡልጋሪያ ጋር ባላት ስምምነት አንዳንድ ጥንታዊ ሳንቲሞች ያለ ማስረጃ እንዳይገቡ ትገድባለች። እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ከ1978ቱ የቅርስ ሕግ በኋላ ከመሬት የተገኘ ጥንታዊ ሳንቲም የመንግሥት መሆኑን፣ የሚገዛውም ፈቃድ ካለው ነጋዴ ብቻ መሆኑን፣ ከአገር ሲወጣም ፈቃድ እንደሚያስፈልገው አትርሱ። የአክሱም ሳንቲም «ከአገር ቤት የመጣ» ተብሎ ቢቀርብልዎ እጅዎን ይሰብስቡ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (በእኛ አቆጣጠር) የተጠበቀ ቅርስ ነው።

ሕጉ ለምን እንደሚያስፈልግ በ1992 በእንግሊዝ ሆክስን መንደር የተገኘው ያስረዳል። አንድ ጡረተኛ የወዳጁን የጠፋ መዶሻ በብረት ፈላጊ መሣሪያ ሲፈልግ ወርቅና ብር አገኘ። ጥቂት እንዳወጣ መቆፈሩን ትቶ ለባለሥልጣናት አስታወቀ። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ፈጥነው ደርሰው ቀሪውን በሥርዓት አወጡት። ወደ 15,000 የሚጠጋ ሳንቲም፣ አብዛኛው የአራተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና የአምስተኛው መጀመሪያ ስስ ብር፣ በእንጨት ሣጥን ውስጥ እንዴት ተደርድሮ እንደነበረ የታወቀው ሰውየው እጁን ስለሰበሰበ ነው። የብዙዎቹ ሳንቲሞች ጠርዝ በመቀስ ተከርክሟል፤ ሮማ ብሪታንያን ስትለቅ አዲስ ብር መምጣቱ ቆመ፤ ሰዉም ካለው ላይ እየሸረፈ ተጠቀመ። ሰውየው ሁሉንም ነቅሎ በየገበያው ቢበትን ይህን ማን ያውቅ ነበር?

ስለ ማጠቡ አጭር መልስ፦ አይጠቡት። ብር በጊዜ ብዛት የሚይዘው ግራጫና ጥቁር ቀለም ጠባቂው ነው፤ ሰብሳቢም ለእሱ ተጨማሪ ይከፍላል። ለእራት ዕቃ የተሠራ የብር መወልወያ ከነካው የላይኛውን ብር ይፍቀዋል፤ ያ የሚያብለጨልጭ ነጭ ገጽ ለማንኛውም ገዢ «ተወልውሏል» ብሎ ይናገራል፤ ዋጋውም ይወርዳል። መሬት ውስጥ የቆየ ብር ውስጡ እየተሰነጠቀ ተሰባሪ ሊሆን ስለሚችል ማሸትም አደገኛ ነው፤ ጠንከር አድርገው ከያዙት ለሁለት የሚከፈል ዲናር አለ። አፈር ብቻ ከሆነ በንጹሕ የተጣራ ውኃ ነክረው ይተዉትና በለስላሳ ጨርቅ ሳያሹ ያድርቁት። ቀንድ የመሰለ ጠንካራ ሽፋን ከያዘ ለባለሙያ ይስጡ። ማስቀመጫው የወረቀት ፖስታ ወይም ጠረን የሌለው ጠንካራ ፕላስቲክ ይሁን፤ ለስላሳው ቪኒል ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ቅባት እያወጣ ብሩን ይጎዳልና አያስገቡበት። ሲይዙትም ሁልጊዜ በጠርዙ ነው፤ ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ ተነጥፎ።